ብተና ወይስ መስመር? የዳጉሳ አዘራርና የአምራቹ ጉልበት

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ያካሄደው ትግል ታሪክ በአመዛኙ የመሣሪያዎቹ ታሪክ ነው። ከዱላ ወደ ዶማ፣ ከዶማ ወደ ማረሻ፣ ከማረሻም ወደ ሞተር የተሸጋገረው የጉልበቱን ፍሬ ለማብዛትና ድካሙን ለማቃለል ሲል ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ በራሱ ነፃ አውጪ አይደለም። በማን እጅ እንዳለ፣ የማንን ወገብ እንደሚያቀናና የማንን እንደሚያጎብጥ ሳይጠየቅ፣ አዲስ በመሆኑ ብቻ «ዕድገት» የሚል ስም ሊሰጠው አይገባም። ይህን መሠረታዊ ጥያቄ ዛሬ የምንመረምረው በአንዲት እጅግ ደቃቅ ፍሬ ላይ፣ በዳጉሳ ዘር ላይ ነው። ዳጉሳ እንደ አባቶቻችን በእጅ ይበተን? በመስመር ይዘራ? ወይስ ለትራክተር ይሰጥ?

ጉዳዩ የገጠሩ ብቻ የሚመስለው የከተማ ነዋሪ ቢኖር ተሳስቷል። ሠራተኛውም ሆነ የነዋሪዎች ማኅበር አባሉ ዳጉሳን በጠላው፣ በአረቄው፣ በቂጣውና በገንፎው ያውቀዋል። የጤፍ ዋጋ ከደመወዙ አቅም በላይ ሲወጣ ከጤፉ ጋር ተቀላቅሎ ምጣድ ላይ የሚወጣውም አንዱ ይኸው እህል ነው። ዳጉሳ በጎተራ ለብዙ ዓመት ነቀዝ ሳይደፍረው ስለሚቆይ በክፉ ቀን የመጠባበቂያ እህል ሆኖ ኖሯል። በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ስለሚገኝበት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች አጥንት ተስማሚ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2023ን ዳጉሳን ጨምሮ የደቃቅ ፍሬ አገዳ እህሎች ዓመት አድርጎ መሰየሙም ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ የዳጉሳ አዘራር ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ፣ የእንጀራም ጥያቄ የእኛ የሁላችን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ያለውን ተጨባጭ ሁኔታ እንመልከት። የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች የዳጉሳ ጥንተ መገኛ ናቸው። በአገራችን በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይና በወለጋ በስፋት ይመረታል። ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ካለሰለሰ በኋላ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ዘሩን በእፍኙ እየዘገነ ይበትናል። ከዚያም በማረሻ ሳሳ አድርጎ ወይም ቅርንጫፍ አስጎትቶ አፈር ያለብሰዋል። በአንድ ኪሎ ዘር ውስጥ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ፍሬዎች ስለሚገኙ ይህን ዘር በእኩል ርቀት ማዳረስ ቀላል ሙያ አይደለም። የዘሪው እጅ፣ እርምጃና ዓይን የረጅም ዘመን ልምድ ውጤቶች ናቸው።

አንዳንድ ምሁራንና የቢሮ ሠራተኞች ይህን አዘራር በአንድ ቃል «ኋላቀር» ብለው ይዘጉታል። ይህ አመለካከት ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው። አንደኛ፣ ብተና የአላዋቂነት ውጤት ሳይሆን ገበሬው ለነበረበት ሁኔታ የሰጠው መልስ ነው። የዘር ወቅቱ አጭር ነው፤ ዝናቡ ከጣለ በኋላ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን በመኸር ይከፈልበታል። አንድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰፊ ማሳ አዳርሶ መበተን ይችላል። በሬና ጉልበት ለጎደለው ቤተሰብ ይህ ፍጥነት ትልቅ ሀብት ነው። ሁለተኛ፣ ገበሬው የመስመርን ጥቅም አያውቅም ማለት ሐሰት ነው። ቡቃያው ከፍ ካለ በኋላ በበሬ የሚያካሂደው ሽልሻሎ ምንድን ነው? በተበተነው ቡቃያ መካከል ማረሻውን እያሳለፈ የበዛውን ያሳሳል፣ አረሙን ይነቅላል፣ የደረቀውን ገጽ ፈልፍሎ ውሃ ወደ ሥሩ እንዲሰርግ ያደርጋል። ይህ ማለት ገበሬው በዘር ጊዜ ያላገኘውን መስመር ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በማረሻው ይፈጥረዋል ማለት ነው። የመስመርን ጥበብ ባለሙያ መጥቶ ከማስተማሩ በፊት ሽልሻሎ አስተምሮታል።

ይህን ስንል ግን የአባቶችን ዘዴ ጣዖት አድርገን ልናመልከው አይደለም። ብተና የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ከላይ የቀረውን ወፍና ጉንዳን ይለቅመዋል፤ በጥልቀት የተቀበረው ሳይበቅል ይቀራል፤ ጎርፍም ድርሻውን ይወስዳል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዘር ጨምሮ ይበትናል። ያ ጭማሪ ከቤተሰቡ መሶብ የተቀነሰ እህል ነው። ቡቃያው በአንዱ ቦታ ተጨናንቆ በሌላው ይሳሳል። የተጨናነቀው በብርሃንና በምግብ እየተሻማ ይቀጥናል። ከሁሉም የሚከፋው አረሙ ነው። የዳጉሳ የዱር ዘመድ የሆነው ሣር በቡቃያነቱ ከዳጉሳ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ በተበተነ ማሳ ውስጥ ወዳጅን ከጠላት መለየት የተካነ ዓይን ይጠይቃል። በመስመር በተዘራ ማሳ ግን ከመስመሩ ውጭ የበቀለው ሁሉ አረም መሆኑን ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ስለዚህ የመስመር አዘራር ዘርን በመቆጠብ፣ አረምን በማጋለጥና ለሰብሉ እኩል ድርሻ በመስጠት ከብተና እንደሚሻል መካድ አይቻልም።

ታዲያ ነገሩ ግልጽ ከሆነ ገበሬው ለምን ጠቅልሎ ወደ መስመር አልገባም? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ከዳጉሳ በደቀቀው በጤፍ ላይ የተገኘው ልምድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ጤፍን በመስመር የመዝራት ሰፊ ዘመቻ አካሂዷል። መነሻው ትክክል ነበር። ገበሬው በብተና በሄክታር ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚፈጀውን ዘር በመስመር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ማድረስ ይቻላል ተባለ። በመስመሮቹ መካከል የሚተወው ርቀትም 20 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ነገር ግን ዘመቻው ለገበሬው ምክሩን እንጂ መሣሪያውን በበቂ አልሰጠውም። ብልሃተኛው ገበሬ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በስቶ በቀዳዳው ዘር እያንጠባጠበ መስመር ለመስመር ሄደ።

እስቲ ይህን ጉዞ በሒሳብ እንመርምረው። አንድ ሄክታር ወርዱም ቁመቱም መቶ መቶ ሜትር የሆነ ማሳ ነው እንበል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ቢወጣለት 500 መስመር ይሆናል። 500 መስመር በ100 ሜትር ሲባዛ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ ያለውን መንገድ የሚያክል ርቀት ጎንበስ ብሎ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ዘር እያንጠባጠቡ መሄድ ማለት ነው። መስመሩን ለመቅደድና አፈር ለማልበስ የሚኬደው ገና አልተቆጠረም። ለዳጉሳ ርቀቱን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ብናሰፋው እንኳ 25 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ይህን መንገድ የሚሄደው ማን ነው? አባወራው ብቻ አይደለም። እናቲቱ ናት፣ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ነው፣ ለወንፈል የተጠራው ጎረቤት ነው።

በኋላ በገበሬዎች ማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያረጋገጡት ይህንኑ ነው። የመሬቱ ምርት በመጠኑ ጨመረ፤ ጭማሪው ግን ከተነገረው ተስፋ ያነሰ ነበር። የሚጠይቀው ጉልበት በእጅጉ በመናሩ በአንድ የሥራ ቀን የሚገኘው ምርት ቀነሰ። በሌላ አነጋገር መሬቱ አተረፈ፤ ሰውየው ከሰረ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ምርታማነትን በሄክታር ብቻ እየለኩ በሥራ ቀን አለመለካት ሚዛኑን ለአንድ ወገን ማዘንበል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መሣሪያው ሳይደርስ የተቻኮለ ዘመቻ ጥሩውን ሐሳብ በገበሬው ዘንድ ያስጠላዋል።

በዚህ ጊዜ ሌላው ወገን ይነሣና «እንግዲያውስ ትራክተሩን አምጡ!» ይላል። ትራክተርን የምንጠላበት ምክንያት የለም። ሆኖም ትራክተር በአገራችን ያለፈበትን መንገድ ሳይመረምሩ ማወደስ ታሪክን መዘንጋት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ ማገዝ ነበር። ነገር ግን መሬቱ በባለርስቱ እጅ ስለነበረ የተሻለው ዘርና ማዳበሪያ መሬቱን ትርፋማ ሲያደርገው፣ ባለርስቱ ከቀረጥ ነፃ የገባ ትራክተር አምጥቶ ጭሰኛውን አስለቀቀ። ትናንት እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ ተብሎ ከምርቱ ሲገፈፍ የኖረው ጭሰኛ ዛሬ ደግሞ ጎጆውን ነቅሎ ተሰደደ። መኪናው ያው መኪና ነው። ያፈናቀለው ብረቱ ሳይሆን ብረቱን የያዘው የባለቤትነት ሥርዓት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ነቀለው።

በግለ ሂስ መንፈስ የሚቀጥለውንም መናገር ያስፈልጋል። ከአዋጁ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትላልቅ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተለወጡ። እነዚህ እርሻዎች ከሚታረሰው የአገሪቱ መሬት ጥቂቱን ይዘው ሳለ ከትራክተሩ፣ ከማዳበሪያውና ከብድሩ ከፍተኛውን ድርሻ ወሰዱ። የአገሪቱን እህል በአብዛኛው ያመርት የነበረው ገበሬ ግን በሞፈሩና በቀንበሩ እንደቀረ ቀረ። ገበሬውን በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የማሰባሰቡ ሥራም ብዙ ቦታ ከፈቃዱ ይልቅ በትእዛዝ ስለተሠራ፣ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ እንደታወጀ አብዛኞቹ ማኅበራት በፍጥነት ፈረሱ። ስለሆነም ከሁለቱም ዘመናት የምናገኘው ትምህርት የሚደጋገፍ ነው። በባለሀብት እጅ ያለ መኪና ገበሬውን ያፈናቅላል፤ በትእዛዝ የመጣ መኪናም ገበሬውን ተመልካች ያደርገዋል። በሁለቱም ሁኔታ ዘሪው የመኪናው ጌታ አልሆነም።

ከዚህም በላይ ዳጉሳን በተመለከተ ግዙፉ ትራክተር ራሱ ችግር አለበት። የአገራችን ገበሬ ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር የማይርቅ፣ እሱም በተለያየ ቦታ የተበጣጠሰ ነው። ተዳፋቱና ድንጋያማው መሬት፣ በክረምት ጎማ የሚውጠው ኮትቻ፣ ነዳጁና የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቀው መለዋወጫ ሁሉ እንቅፋቶች ናቸው። ለስንዴ የተሠራ መዝሪያ ዳጉሳ ቢጫንበት ዘሩን በጅምላ ያፈሰዋል፣ ወይም እስከማይበቅል ድረስ ጠልቆ ይቀብረዋል። በዛሬው ጊዜ በኩታ ገጠም የሚያርሱ ገበሬዎች ድንበራቸውን ሳያፈርሱ ማሳቸውን በአንድነት ማዘጋጀታቸው ለመኪና በር ይከፍታል፤ ይህ የሚበረታታ ነው። ነገር ግን ሜዳው ሁሉ ኩታ ገጠም እስኪሆን ድረስ ገበሬዋ በ25 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ ጎንብሳ ትጠብቅ ማለት አይቻልም።

መፍትሔው በእጅና በግዙፍ መኪና መካከል ነው። በበሬ የሚጎተት፣ ሁለት ወይም ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ የሚያወጣ፣ ቀላልና በአገር ውስጥ የሚሠራ መዝሪያ ያስፈልገናል። ይህ ሕልም አይደለም። ከአፍሪካ ደጋዎች ተነሥቶ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ሕንድ የገባው ዳጉሳ በዚያ አገር «ራጊ» ይባላል። ዋነኛዋ አምራችም የካርናታካ ክፍለ ሀገር ናት። የዚያ አገር ገበሬዎች «ኩሪጌ» የሚሉት በበሬ የሚጎተት የእንጨት መዝሪያ አላቸው። ከላይ የእንጨት ሳህን አለው፤ ከሳህኑ ሥር የቀርከሃ ቱቦዎች ወደ ታች ወርደው እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ይመግባሉ። አንድ ሰው በሬዎቹን ይነዳል፤ አንዱ ዘሩን በሳህኑ ውስጥ እየጨመረ ይከተላል። እህሉ የእኛ ነው፤ በሬው የእኛ ነው፤ ቀርከሃውም በአገራችን ሞልቷል። የጎደለው ብልሃት ሳይሆን ለዚህ ብልሃት የሚሰጠው ትኩረት ነው።

ሒሳቡን መለስ ብለን እንየው። ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ የሚያወጣ መዝሪያ ያንን 25 ኪሎ ሜትር ከ8 ኪሎ ሜትር ተኩል ወዳልበለጠ ርቀት ያወርደዋል። የሚሄደውም ሰው ቀና ብሎ ነው። መስመር መቅደድ፣ ዘር መጣልና አፈር ማልበስ በአንድ ጉዞ ይጠቃለላሉ። በኋላም ሽልሻሎው ቡቃያ ሳይረግጥ በተዘጋጀለት መንገድ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን አዲሱ መሣሪያ የአሮጌውን ጥበብ ይዞ ከፍ ይላል እንጂ አይደመስሰውም።

ይህ እንዲሳካ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ መሣሪያው ለደቃቅ ዘር የታሰበ መሆን አለበት። ዘሩን ቆጥቦ የሚያንጠባጥብ፣ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ የማይቀብር፣ የደከመ በሬ የሚጎትተው፣ የአካባቢው ቀጥቃጭና አናጢ የሚጠግነው ይሁን። ሁለተኛ፣ ባለቤትነቱ የጋራ ይሁን። አንድ ገበሬ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚሠራበት መሣሪያ ብቻውን ዕዳ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጎረቤታሞች ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበራቸው ገዝተው በወረፋ ይጠቀሙበት። ወንፈልና ደቦ ያላት አገር የጋራ መሣሪያን ሥርዓት ከማንም መበደር አያስፈልጋትም። ወረፋው ግን በግልጽ ስብሰባ ይወሰን። በሬ የሌላቸውና እማወራዎች የሚመሯቸው ቤተሰቦች ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሚደርሳቸው ከሆነ የጋራ የተባለው የጥቂቶች ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፈራጁ ገበሬው ራሱ ይሁን። መሣሪያው በሠርቶ ማሳያ ብቻ ሳይሆን በገበሬዎች ማሳ ይፈተን፤ ውጤቱም በኩንታልና በሥራ ቀን ጭምር ይመዘን።

የከተማው ሠራተኛ በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ምንድን ነው? ብረቱ በእጁ ነው። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር ፋብሪካ ሲቋቋም የአገራችን ሠራተኛ ከባድ መኪና መገጣጠም እንደሚችል አስመስክሯል። ትራክተር የገጠመ እጅ ባለሦስት መስመር መዝሪያ መሥራት አያቅተውም። በየከተማው ያሉት የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ማኅበራት ከበርና ከመስኮት ጎን ለጎን መዝሪያና መኮትኮቻ ቢሠሩ፣ ሠሪው ሥራ፣ ገበሬው መሣሪያ ያገኛል። የነዋሪዎችና የሸማቾች ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ዳጉሳን ከገበሬ ማኅበራት በቀጥታ ገዝተው ለአባሎቻቸው ቢያቀርቡ፣ ገበሬው ለመሣሪያው የሚከፍለውን ያገኛል፤ ሸማቹም በመካከል የሚጨመርበትን ዋጋ ይድናል። የሠራተኛውና የገበሬው ትብብር የሚባለው ነገር በስብሰባ አዳራሽ የሚጨበጨብለት ቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እንዲህ ባለ ተጨባጭ ሥራ ላይ መቆም ይኖርበታል።

ለመስመር አዘራር ያላቸውን ጥርጣሬ የሚገልጹ ገበሬዎች እንዳሉ እናውቃለን። ጥርጣሬያቸውን የዕድገት ጠላትነት አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። የአንድ ዓመት ሙከራ ሲከሽፍ ባለሙያው ሪፖርት ይጽፋል፤ ገበሬው ግን ይራባል። ስለዚህ ጥያቄው «ብተና ወይስ መስመር?» ተብሎ በሁለት ጎራ መከራከሪያ መሆኑ ይብቃ። መስመሩ ይሻላል፤ ነገር ግን መስመሩን የሚያወጣው የእናቶችና የልጆች ወገብ ከሆነ ብተናን የመረጠ ገበሬ ተሳስቷል ብሎ የሚፈርድበት ሰው አስቀድሞ ያንን 25 ኪሎ ሜትር ጎንብሶ ይሂድ።

በሚመጣው ሰኔም ዘሪው ዘሩን በእፍኙ ይዞ ማሳው ጫፍ ላይ ይቆማል። እስከዚያ ድረስ ምክር ብቻ ይዘን ከሄድን ጨዋነቱ አይፈቅድለትምና ሰምቶን ሲያበቃ እንደ ልማዱ ይበትናል፤ ትክክልም ነው። ቀንበሩ ላይ የሚታሰር ቀላል መዝሪያ፣ ጥገናውን የሚያውቅ ቀጥቃጭና ፍትሐዊ ወረፋ ይዘን ከሄድን ግን ምርጫው የራሱ ይሆናል። መኪና ለዘሪው ይሠራ እንጂ ዘሪው ለመኪና አይሠራም። የማንኛውም አዲስ የአዘራር ዘዴ መመዘኛ ይህ ይሁን።